ሳጥን ውስጥ የተገኘ ፎቶና የአድዋ ስዕል፣ ዘመኑን እንዴት ነው የምናውቀው?

የጉለሌዋ
ሰላም እንዴት ናችሁ። የድሮ ፎቶ የሚገባችሁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የመጣሁት፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የእናቴ አክስት ካረፉ በኋላ ቤታቸው ሲጸዳ ከአልጋ ስር የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ከላይ የርስት ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ ምናምን ነው፣ ከስሩ ግን በነጠላ የተጠቀለለ ሁለት ነገር ተገኘ።

አንደኛው ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነው። በማስመሪያ ስለካው ካርቶኑ 11 በ16 ተኩል ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥቁር ካባ ደርበዋል፣ ጎራዴያቸው ጉልበታቸው ላይ አግድም አርፏል፣ ከጎናቸው አስር ዓመት የሚሆነው ልጅ ከቁመቱ የሚበልጥ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ከኋላቸው ሸራ ላይ የተሳለ ዓምድና ዛፍ አለ። ሁለተኛው ደግሞ አቡጀዲ ላይ የተሳለ የአድዋ ጦርነት ስዕል ነው፣ አራት ቦታ ታጥፎ ነው የተቀመጠው።

ቤተሰቡ ሰውየው ቅድመ አያታችን ናቸው፣ አድዋ ዘምተዋል፣ ፎቶውን የተነሱት በምኒልክ ጊዜ ነው ይላል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ፎቶውን በስልኩ ኤአይ አፕ ውስጥ ከቶት በከለር አወጣው፣ ካባው ጥቁር ከወርቅ ጥልፍ ጋር፣ የልጁ እጀ ጠባብ ሰማያዊ፣ የሰውየው ፊት ደግሞ ተጠርጎ ተወልውሎ አንድም መጨማደድ የለውም። ትልቅ አሳጥቦ ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቅሎታል፣ ሁሉም ወደውታል፣ ዋናው ግን ፖስታ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ያንን በከለር የወጣውን ሳየው ሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ። እስቲ የምታውቁ ሰዎች፣ ዘመኑን በምን መለየት ይቻላል? ስዕሉንስ ወደ ዋሽንግተን ይዤው መመለስ እችላለሁ?

ፒያሳ_76
የፎቶው ጀርባስ? ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱን ብቻ አንስቶ ይለጥፋል። ገልብጪውና አንሺው፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ።

የጉለሌዋ
ከኋላው በእርሳስ የተጻፈ አለ፣ በጣም ደብዝዟል። ወደ ጎን ብርሃን ሳደርገው «የካቲት ፲፱፻፱» የሚል ይነበባል፣ ከስሩ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ እሱ ግን ውሃ ነክቶት ጠፍቷል። ጥግ ላይ ደግሞ ክብ ማህተም የነበረ ይመስላል፣ ግማሹ ተቀዷል።

ታሪክ_ወዳድ
1909 ከሆነማ ቤተሰቡ ልክ ነው! ምኒልክ ያረፉት 1913 ነው። እንዲያውም ያ ማህተም የቦያጂያን ይሆናል፣ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ እሱ ነበር። ትልቅ ነገር ነው በእጅሽ ያለው፣ እንኳን ደስ አለሽ።

ሰገሌ
ቆይ ወንድሜ፣ ይሄ የዘመን አቆጣጠር ነገር ነው ስንቱን ፎቶ ያበላሸው። «የካቲት» ብሎ በግዕዝ ቁጥር የጻፈ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር አይጽፍም። የካቲት 1909 በእኛ ማለት በፈረንጅ ፌብሩዋሪ እና ማርች 1917 ነው። አፄ ምኒልክ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል፣ ታኅሣሥ 1906 ነው ያረፉት። አንተ ያልከው 1913 በፈረንጅ ነው፣ እሱ ላይ የእኛን 1909 ደርበህ ነው የቆጠርከው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የድሮ ፎቶዎች ግማሾቹ የተሳሳቱት በዚህ ምክንያት ነው፣ አንዱ የውጭ አርካይቭ 1909 ብሎ ይጽፋል የኛ ሰው በኢትዮጵያ ያስበዋል፣ የኛ አያት 1909 ብለው ይጽፋሉ የልጅ ልጅ በፈረንጅ ያነበዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት ይገባል። ሰባት ስምንት ዓመት ደግሞ እዚያ ዘመን ላይ ሦስት መንግሥት ነው!

እስቲ ያቺን 1909 ብቻ እዩዋት። መስከረም 17 ልጅ ኢያሱ ተሻሩ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። የካቲት 4 ዘውዲቱ ነገሡ። የአንቺ ፎቶ የካቲት ነው የሚለው። ባላባቱ፣ መኳንንቱ፣ ወታደሩ ለዘውዱ በዓል አዲስ አበባ ከትሞ በነበረበት ሰሞን ነው ማለት ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ልጁን አልብሶ ፎቶ ቤት ቢገባ ምን ይገርማል? ቅድመ አያትሽ አድዋ ዘምተው ከሆነ ደግሞ ያኔ ሃያ አንድ ዓመት አልፏል፣ ጎልማሳ ናቸው ያልሽው ይገጥማል። በ20ዎቹ ዘምተው በ40ዎቹ ፎቶ ተነስተዋል።

ታሪክ_ወዳድ
ጽሑፉ ግን በኋላ ዘመን የተጻፈ ሊሆን ይችላል እኮ። ልጁ አድጎ ከጊዜ በኋላ በግምት ቢጽፈውስ? በጀርባ ጽሑፍ ብቻ መፍረድ ትክክል አይመስለኝም።

ሰገሌ
እሱ ልክ ነው፣ ለዚህ ነው ሌላ ምስክር የሚያስፈልገው። የጉለሌዋ፣ ደረታቸው ላይ ኒሻን አለ? ካለ በጣም አቅርበሽ አንስተሽ ላኪ። የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን የተቋቋመው በፈረንጅ 1924 ነው፣ የሥላሴ ኒሻን ደግሞ 1930። ከሁለቱ አንዱ ደረታቸው ላይ ካለ 1909 የሚለው ይወድቃል።

የጉለሌዋ
ኒሻን የለም። አንገታቸው ላይ ማተብ ይታያል፣ በቃ።

ጨለማ_ክፍል
ልጄ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት፣ ከዲጂታል በፊት። ካርቶኑ 11 በ16 ተኩል ካልሽ ካቢኔ የሚባለው ልክ ነው፣ በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙበት መጠን ነበር። አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ፣ ፎቶውን ዓይንሽ ጋ አጋድመሽ ያዢውና ወደ መስኮቱ አዘንብይው። ጥቁር የሆነው ቦታ ላይ፣ በተለይ ጠርዙ አካባቢ፣ ሰማያዊ ነገር ያለው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ታያለሽ?

የጉለሌዋ
አዎ ጋሼ! ካባቸው ላይና ጠርዙ ላይ አለ። ሻጋታ መስሎኝ ልጠርገው ነበር።

ጨለማ_ክፍል
እንዳትነኪው። ሻጋታ አይደለም፣ ብሩ ነው። የፎቶው ጥቁር ሁሉ ብር ነው፣ በብዙ ዓመት እርጥበትና አየር ወደ ላይ ወጥቶ ነው የሚያብለጨልጨው። ይሄ የሚያሳየው ወረቀቱ ጄላቲን የሚቀባው ዓይነት መሆኑን ነው፣ ከሱ በፊት የነበረው የእንቁላል ነጭ የሚቀባው ወረቀት ወደ ቡናማ ይሄዳል እንጂ በአብዛኛው እንዲህ አያበራም። 1909 ለሚለው የሚቃወም ነገር የለውም።

አሁን ወደ ካባው ልምጣ፣ ምክንያቱም ልቤን የነካኝ እሱ ነው። ካባው ጥቁር ነው ያለው ማን ነው? የድሮው የመስታወት ፕሌት፣ ከፊልም በፊት ካሜራ ውስጥ የሚገባው፣ ቀይ ቀለም አያይም። እኛ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀት ስናጥብ ቀይ አምፖል የምናበራው ለምን ይመስልሻል? ወረቀቱ ቀይ ብርሃን ስለማያይ ነው፣ ለሱ ቀይ ማለት ጨለማ ነው። የዚያ ዘመን ፕሌትም ብዙው እንደዚያው ነበር። ስለዚህ ቀይ ከፋይ ካባ ለብሶ የተነሳ ሰው ፎቶው ላይ ጥቁር ለብሶ ነው የሚወጣው። ሰማያዊው ደግሞ በተቃራኒው ይነጣል፣ የድሮ ፎቶ ላይ ሰማዩ ሁሉ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። ባንዲራችንን በዚያ ዘመን ፎቶ ላይ ብታዪው ቀዩ ጥቁር መስሎ ነው የሚታይሽ። የሰው ፊት እንኳን ከእውነተኛው ጠቆር ብሎ ነው የሚወጣው፣ የሰው ቆዳ ውስጥ ቀይ አለና።

ማሽኑ ይሄን አያውቅም። ጥቁር ካየ ጥቁር ይቀባል። ቅድመ አያትሽ ለዘውድ በዓል ሲመጡ የለበሱት ቀይ ከፋይ ከሆነ፣ ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ የሐዘን ልብስ አልብሷቸዋል ማለት ነው።

ፒያሳ_76
ጋሼ እድሜ ይስጥልን፣ ይሄን በእንዲህ ዓይነት ቋንቋ የነገረኝ ሰው የለም እስከ ዛሬ።

ቀለም_በቀለም
እኔ የድሮ ፎቶ ከለር የማደርግ ሰው ነኝ፣ ፔጅም አለኝ፣ ትንሽ ልከራከር። ድሮም ቢሆን ፎቶ ቤቶች በእጃቸው ቀለም ይቀቡ ነበር፣ ጉንጭ ላይ ቀይ፣ ልብስ ላይ አረንጓዴ፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ወጣቱ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲያይ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ በከለር ሲሆን ቆም ብሎ ያያል፣ እነዚህ ሰዎች እንደኛ ሥጋና ደም የነበሩ መሆናቸው ይሰማዋል። የአጎትሽ ልጅ የሠራው ክፉ ነገር አይደለም፣ በሱ ምክንያት ነው ቤተሰቡ በሙሉ ቅድመ አያቱን ያየው። ያለ እሱ ሳጥኑ ውስጥ ይቀር ነበር።

ጨለማ_ክፍል
ቀለም በቀለም፣ ያልከው እውነት አለው። እኔም በእጄ ቀብቻለሁ፣ በትንሽ ብሩሽ፣ በጥጥ። ግን ደንበኛዋ ፊቴ ቆማ ነው፣ ቀሚስሽ ምን ዓይነት ነበር ብዬ ጠይቄ ነው፣ ስትመጣ ለብሳው ያየሁት ነው። አንተ ማንን ትጠይቃለህ? መቀባቱን አትተው አልልህም። ከስሩ «ቀለሙ በግምት ነው» ብለህ ጻፍ፣ ዋናውንም ከጎኑ አድርግ። ፊት ግን አትንካ። መጨማደዱን ያጠፋኸው ሰው ሌላ ሰው ነው።

ሰገሌ
በነገራችን ላይ እውነተኛ ቀለም የምትፈልጉ ከሆነ ግምት የማያስፈልግበት ዘመን አለ። ሉሚየር ወንድማማቾች ኦቶክሮም የሚባለውን የቀለም ፕሌት ገበያ ያወጡት በፈረንጅ 1907 ነው። የጥቅምት 1923ቱን የኃይለ ሥላሴን የንግሥ በዓል ናሽናል ጂኦግራፊክ በተፈጥሮ ቀለም አስነስቶ በፈረንጅ ሰኔ 1931 እትሙ ላይ አውጥቶታል። የመኳንንቱ ካባ፣ የአንበሳው ጎፈር፣ ጃንጥላው፣ ሁሉም በዚያን ቀን ብርሃን ነው የተነሳው። ከለር የሚያደርጉ ልጆች ቢያንስ ያንን አይተው ቢቀቡ የዘመኑን ልብስ ይማሩበታል። አፑ ግን የሰለጠነው በአብዛኛው በፈረንጅ ፎቶ ይመስለኛል፣ ለምዱን ኮት አድርጎት ቁጭ ይላል።

ስለ_እቴጌ
እኔ የሚያቃጥለኝ ደሞ ስም መቀየር ነው። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር የዘውዲቱን ፎቶ «እቴጌ ጣይቱ» ብለው ይለጥፋሉ። ሺህ ሰው ሼር ያደርገዋል። ብታርማቸው ደግሞ ይሰድቡሃል። እናትና ልጅ እንኳን አይደሉም እኮ፣ የእንጀራ እናትና የእንጀራ ልጅ ናቸው፣ መልካቸው በምንም አይመሳሰልም። የልጅ ኢያሱ የጥምጥሙ ፎቶ ደግሞ አለ፣ ሃይማኖታቸውን ቀይረዋል ለማለት ማስረጃ ተደርጎ የሚቀርበው፣ እውነተኛነቱ ላይ እስከ ዛሬ ክርክር ያለበት ነው፣ ፌስቡክ ላይ ግን እንደ መታወቂያ ካርድ ነው የሚለጥፉት። አንድ ፎቶ በዚያ ዘመን መንግሥት ሲገለበጥ መሣሪያ ሆኖ ሊያገለግል ከቻለ ዛሬ እኛ ስንለጥፍ መጠንቀቅ አይገባንም?

የአክሱም_ሰው
ስለ እቴጌ ያልሽው ላይ ልጨምር። የኛን ሐውልት ታሪክ ስንት ጊዜ ተሳስተው እንደሚጽፉት። «ጣሊያን ከቆመበት ነቅሎ የወሰደው» ይላሉ። በ1906 በፈረንጅ፣ ገና ምኒልክ በሕይወት እያሉ፣ ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ቡድን አክሱም መጥቶ ከተማውን በሙሉ ለክቶ፣ ነድፎ፣ ፎቶ አንስቶ ሄዷል፣ ሥራቸውም በ1913 ታትሟል። ፎቶ በብዛት ያነሳው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሚባል አርክቴክት ነው። እነዚያ ፎቶዎች ላይ ያ ሐውልት መሬት ላይ ተሰባብሮ ተኝቶ ነው የሚታየው። ጣሊያን በ1937 የወሰደው ቁርጥራጩን ነው፣ ሮም ላይ ነው ገጣጥመው ያቆሙት። በ2005 በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ።

ወስደውታል፣ ዘርፈውታል፣ ይሄ አያከራክርም። ግን እውነቱን ስንናገር ነው ጉልበት የሚኖረን። በ1906 ፎቶ ላይ ሐውልቱ አጠገብ የቆሙ የአገሬው ሰዎች አሉ፣ ልጆች አሉ፣ ከኋላ የሳር ክዳን ቤት አለ፣ አጥር አለ። እኔ እነዚያን ፎቶዎች የማየው ለድንጋዩ አይደለም። ያ ሰፈር ዛሬ የለም። የአያቶቼ ሰፈር ምን ይመስል እንደነበረ የማውቀው አንድ ጀርመን ድንጋዩን ፎቶ ሲያነሳ ከጎን ስለገባለት ነው። ስለዚህ ፎቶ ስትቆርጡ ዳሩን አትቁረጡ እላለሁ፣ ሰው ሁሉ መሃሉን አስቀርቶ ዳሩን ይቆርጣል ለፕሮፋይል እንዲመች ብሎ፣ የሚበዛው ነገር ያለው ግን ዳሩ ላይ ነው።

ጨለማ_ክፍል
የአክሱሙ ሰው እውነቱን ነው። የጉለሌዋ፣ የአንቺም ፎቶ ዳሩን እዪው። ሸራው መሬቱን የሚነካበት ቦታ ምን አለ?

የጉለሌዋ
ምንጣፍ አለ፣ ግን ሙሉ ቦታውን አልሸፈነም፣ በግራ በኩል ምንጣፉ አልቆ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይታያል። ሸራው ታች ጋ ተጨማዷል። የዓምዱ ስዕል አጠገብ ከላይ እስከ ታች የሄደ የእጥፋት መስመር አለው። ወንበሩ ደግሞ እጀታው ላይ የአንበሳ ጭንቅላት ተቀርጾበታል።

ጨለማ_ክፍል
እሱ ነው የፎቶ ቤቱ መታወቂያ። ማህተሙ ቢቀደድም ሸራው አለ። አንድ ፎቶ ቤት አንድ ሸራ ለብዙ ዓመት ነው የሚጠቀመው፣ ወንበሩንም። ስም የተጻፈበት ሌላ ፎቶ ላይ ያንኑ ዓምድ፣ ያንኑ እጥፋት፣ ያንኑ ወንበር ካገኘሽ ያው ቤት ነው። እጥፋቱ በተለይ አይዋሽም፣ ሁለት ፎቶ ቤት አንድ ዓይነት ሸራ ካውሮፓ ሊያስመጣ ይችላል፣ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ግን አይጨማደድም። መሬቱ ድንጋይ መሆኑ ደግሞ ሸራውን ግቢ ውስጥ ዘርግተው በቀን ብርሃን ማንሳታቸውን ያሳያል።

የቦያጂያንን ነገር በተመለከተ፣ አባትየው በድሮስ ምኒልክ ቤት የገቡ፣ ከሳቸው ሃይጋዝና ቶኒ የሚባሉ ልጆቻቸው ሥራውን የወረሱ ትልቅ ቤት ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን የድሮ ፎቶ ሁሉ የነሱ አይደለም። ሌላ ፎቶ አንሺም ነበረ። ስማቸው እንዲጠፋ አንፍቀድ።

ውጅግራ
ልጁ የያዘውን ጠመንጃ አስፍቼ አየሁት። መጋዘን የለውም፣ ባለ አንድ ጥይት ነው፣ መቆለፊያው ወደ ጎን የወጣ ነው፣ ለኔ ውጅግራ ነው። ፈረንሳይ የሠራው የ1874 ሞዴል ነው፣ አድዋ ላይ በብዛት ከነበሩት አንዱ። ግን ይሄ ዘመኑን አይወስንም፣ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። ፎቶው ከዚያ በፊት አይደለም ከማለት በቀር የሚነግረን የለም። ባይሆን ለቤተሰቡ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፣ ሰውየው ጎራዴውን ራሳቸው ይዘው ጠመንጃውን ለልጁ መስጠታቸውን እዩት።

ፒያሳ_76
የከተማ ፎቶ ለምታገኙ ሰዎች እኔም የምጠቀምበትን ልናገር። ፒያሳ የምኒልክ ሐውልት ከታየ ከ1923ቱ ዘውድ ሰሞን ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የባቡር ሐዲድ ከታየ ባቡሩ ከተማ የገባው በፈረንጅ 1917 ነው። ድሬዳዋ ላይ ከሆነ ግን ከ1902 ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ፖስትካርድ ከሆነ ደሞ ገልብጡት፣ ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ለአድራሻ አንዱ ለመልእክት ከሆነ በአብዛኛው ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ጀርባው ሙሉ ለአድራሻ ስለነበር ሰው መልእክቱን ፎቶው ላይ ነው የሚጽፈው።

አቡጀዲ
ስለ ስዕሉ ማንም አላወራም እኮ! እኔ ሥነ ጥበብ ነው የተማርኩት፣ የአድዋ ስዕል ደግሞ ነፍሴ ነው። መጀመሪያ ይሄን እዪልኝ፣ የጣሊያኖቹ ፊት በጎን ነው ወይስ ሙሉ ፊት?

የጉለሌዋ
በጎን ናቸው ሁሉም። የኛዎቹ ግን ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል፣ ትልልቅ ዓይን። አሁን ስትዪኝ ነው ያስተዋልኩት።

አቡጀዲ
በቃ የቤተ ክርስቲያኑን ሕግ የጠበቀ ሰዓሊ ነው ማለት ነው። ቅዱስ፣ ደግ ሰው፣ ወዳጅ ሙሉ ፊቱ ይሳላል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጠላት በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሄ ሕግ ግድግዳ ላይ ለዘመናት የነበረ ነው፣ አድዋ ሲመጣ ሰዓሊዎቹ ያንኑ ይዘው ወደ ጦር ሜዳው ገቡ። አሳሳሉንም እዪው፣ የኛ ሰው በግራ ጣሊያን በቀኝ፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ከዙሪያው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ምኒልክ ከላይ በጃንጥላ ስር፣ ጣይቱ በፈረስ ሆነው ሽጉጥ ይዘው፣ ባልቻ መድፉ ጋ። ጦርነቱ ብዙ ሰዓት የሄደ ነው፣ ስዕሉ ግን ሁሉንም ሰዓት በአንድ ላይ ነው የሚያሳየው፣ መድፉም ሲተኮስ፣ ጣሊያንም ሲሸሽ። ፎቶ ይሄን በጭራሽ አይችልም። ፎቶ አንሺ አድዋ ላይ ቢኖር ኖሮ የሚያገኘው ጭስ ነበር።

ዘመኑን ግን ተጠንቀቂ። የአድዋ ስዕል የተሳለው በዚያን ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ መጨረሻ ሰዓሊዎች ሲሥሉት ኖረዋል፣ በላቸው ይመርን የመሰሉ ስም ያወጡ አሉ፣ ስሙን ሳይጽፍ ለፈረንጅ ሸጦ የሄደ ደግሞ ይበዛል። የብሪትሽ ሙዚየም እንኳን አንድ አለው። ስለዚህ ከፎቶው ጋር በአንድ ነጠላ ስለተጠቀለለ ብቻ እኩያ ናቸው አትበይ። የሰዎቹ ስም ከራሳቸው በላይ ተጽፏል? ታች ጥግ ላይ ፊርማ አለ? የጨርቁ ጀርባስ?

የጉለሌዋ
«ባልቻ አባ ነፍሶ» የሚል አለ፣ «እቴጌ» የሚል አለ። ፊርማ አላየሁም። ጀርባው ላይ ምንም የለም፣ ግን እጥፋቶቹ ላይ ቀለሙ እየተላጠ ነው፣ አንዱ እጥፋት የጣይቱ ፈረስ ላይ ነው ያለፈው፣ እግሩ ረግፏል 😢

አቡጀዲ
ዛሬውኑ ከእጥፋት አውጪው! መልሰሽ እንዳታጥፊው፣ በብረት ካውያ እንዳትተኩሺው፣ ሙጫም ፕላስተርም እንዳትለጥፊ። ጠረጴዛ ላይ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጊው። ማጓጓዝ ካለብሽ ወፈር ባለ የካርቶን ቱቦ ላይ ላላ አድርገሽ ጠቅልይው፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ። ሰው ሁሉ ለመከላከል ብሎ ቀለሙን ወደ ውስጥ ያደርጋል፣ ያኔ ቀለሙ ይጨመቅና ይላጣል። የረገፈውን ፍርፋሪ አትጣዪ፣ ወረቀት ላይ ሰብስበሽ ፖስታ ውስጥ አስቀምጪ።

መዝገብ_ቤት
ይዤ መሄድ እችላለሁ ወይ ላልሽው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስዕሉ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው የቅርስ ባለስልጣን ነው፣ አንቺም አይደለሽ የኤርፖርቱ ፈታሽም አይደለም። ወስደሽ አስመርምሪው፣ ቅርስ አይደለም ካሉ ማረጋገጫ ይሰጡሻል፣ ነው ካሉ ይቆያል፣ የቤተሰቡ ንብረት መሆኑ ግን አይቀርም። ሻንጣ ውስጥ ደብቄ ልሞክር እንዳትዪ። እኔን ብታማክሪኝ እዚሁ ይቆይ፣ አንቺ ጥሩ ስካን ይዘሽ ሂጂ።

ፎቶውን በተመለከተ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድሮ ፎቶ ስብስብ አለው፣ ወመዘክርም፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አለ። ጋሼ ያሉትን ሸራና ወንበር የማመሳሰሉን ሥራ እዚያ ሄደሽ መጀመር ትችያለሽ። ስካን ስታስደርጊ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ካርቶኑ ዳሩ ድረስ እንዲታይ፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ፣ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በከለር ስካን ይደረግ ምክንያቱም የእርሳሱ ጽሑፍና የማህተሙ ቀለም የሚለየው ያኔ ነው። ሎሚኔት አታስደርጊ። ተለጣፊ ገጽ ያለው አልበም ውስጥም አታስገቢ፣ ሙጫው ይበላዋል። ጀርባው ላይ ስም መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ፣ ቀስ ብሎ፣ ዳር ላይ። እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።

ቀለም_በቀለም
የጉለሌዋ፣ ስካኑ ሲደርስ ብትልኪልኝ ካባውን በቀይ ከፋይ አድርጌ በነጻ እሠራልሻለሁ። ፊቱን አልነካም። «በግምት» ብዬ ከስሩ እጽፋለሁ።

የጉለሌዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለአጎቴ ልጅ የጋሼን ጽሑፍ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና ዋናውን ከፖስታው አውጥቶ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ፍሬሙን አላወርድም ብሏል፣ ግን ዋናው ስካን ከጎኑ እንዲሰቀል ተስማምቷል። አንድ የቀረኝ ነገር ልጁ ነው። ልጁ ማን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም፣ አንዱ የሰውየው ልጅ ነው ይላል፣ አንዱ ደሞ አሽከር ነው ይላል። ደብረ ብርሃን ያሉ አንዲት እናት አሉ፣ ዘጠናን አልፈዋል፣ ከቤተሰቡ የሚያውቅ ካለ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ልሄድ ነው።

ሰገሌ
ዋናውን ይዘሽ አትሂጂ፣ በትልቁ የታተመ ኮፒ ያዢ፣ በከለር የተቀባውን ግን መጀመሪያ እንዳታሳዪያቸው። «ይሄ እገሌ ነው?» ብለሽም አትጠይቂ፣ ዝም ብለሽ ስጫቸውና ራሳቸው ይናገሩ። ስልክሽን ሪከርድ ላይ አድርጊ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ።

ጨለማ_ክፍል
መነጽራቸውን ይዘው እንደሆነ መጀመሪያ አረጋግጪ። ጠዋት ሂጂ፣ በር ላይ ፀሐይ ባለበት አስቀምጫቸው። የልጁን ፊት ለብቻው አስፍተሽ አንድ ተጨማሪ ኮፒ አሳትሚ። ካወቁት ስሙን እኛም ጋ ጻፊልን።